በክር የለካሁት በረራ

አሁን ለልጆቼ ሳወራላቸው ጀግና ነው የምሆነው። የዚያን ቀን ግን ጀግና የሚባል በእኔ አካባቢ አልነበረም።

በደርግ ጊዜ ነው፤ አሰሳ በየቤቱ በሚዞርበት ሰሞን። ቤታችን ከላምበረት ወደ ተራራው ከፍ ብሎ ነበር። ነርስ የሆነችው ታላቅ እህቴ ከአስመራ ወደ ድሬዳዋ ተዛውራ በወታደር አውሮፕላን ልትሄድ ነው ተባለ። እናቴ ደግሞ አውሮፕላን ሰማይ ላይ ሲያልፍ እንጂ ቀርባ አይታ አታውቅም።

«አየር ላይ ስንት ሰዓት ትቆያለች?» አለችኝ። «መሬት እስክትነካ ዱዓ ላይ ነኝ፤ ከስጋጃዬ አልነሳም።»

እኔ መቼም የተማረ ሲሉኝ ደስ ይለኛል። የትምህርት ቤት ካርታዬን ዘርግቼ ከአስመራ እስከ ድሬዳዋ ቀጥ ያለ መስመር በእርሳስ አሰመርኩና በክር ለካሁ። ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ መጣ፤ አውሮፕላኑ በሰዓት ሦስት መቶ ያህል ይሄዳል ብዬ አሰላሁ። ጠርዙ ላይ «ሁለት ሰዓት ተኩል» ብዬ ጻፍኩ። ለእናቴ ግን፣ ቢዘገይ እንዳትደነግጥ ብዬ፣ «ሦስት ሰዓት ተኩል» አልኳት።

በበረራው ቀን ረፋዱ ላይ፣ እናቴ ጓዳ ውስጥ ሙሰበሃዋን እየቆጠረች ሳለ፣ የቀበሌ አብዮት ጠባቂዎች መጡ። ኮቴያቸውን ስሰማ ካርታውን ፍራሽ ስር ወሸቅኩት። የጂል ነገር! ግድግዳ ላይ ብሰቅለው ማን ያየው ነበር? መጀመሪያ ያነሱት ፍራሹን ነው።

አለቃቸው፣ ድሮ ወፍጮ ቤት የሚሠራ የሰፈራችን ሰው፣ መስመሩን በጣቱ ተከተለው።

«የወታደር አውሮፕላን መንገድ ነው?»

«እህቴ ዛሬ ትበርበታለች፤ እናቴ ዱዓ እንድታደርግበት ነው፣ ጓድ።»

ለራሴም ውሸት መሰለኝ። አንደኛው ጠመንጃውን አቀባበለ።

«ዝም በል» አለ አለቃው። «እሳቸውን እጠይቃለሁ። ቃላችሁ ካልገጠመ ትሄዳለህ።»

ያኔ የሄደ እንደማይመለስ የማያውቅ የለም።

«እማማ» አለ የጓዳውን መጋረጃ ገለጥ አድርጎ፣ «ልጅዎ፣ እህቱ አየር ላይ ስንት ሰዓት ትቆያለች አለዎት?»

«ሦስት ሰዓት ተኩል፣ ልጄ።»

ካርታውን አየ፤ እኔን አየ። ሽንቴ መጣ። ምን ያህሉ እንደመጣ አልናገርም።

«እዚህ ሁለት ተኩል ይላል።»

«ለጥንቃቄ… አንድ ሰዓት ጨምሬላት ነው» አልኩ በጫጩት ድምፅ።

እናቴ ሰማች። «ምን አልክ? አንተ! አንድ ሰዓት ሙሉ ይሄን በሽተኛ ወገቤን ልታስቆርጠኝ ነበር? ወላሂ፣ ልጨርስና ብቻ!»

ጠባቂዎቹ ሳቁ። ጠመንጃው ወረደ። እኔም አብሬ ልስቅ ስል ጥርሴ ተንገጫገጨብኝ።

አለቃው ሁለቱን ወደ ጎረቤት ላካቸውና በሩን ገፋ አድርጎ ዘጋው። አለቀልኝ አልኩ። እሱ ግን ካርታውን አልጋው ላይ ዘረጋና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ከዚህ ጎዴስ?» አለኝ። «ልጄ ሚሊሺያ ሆኖ እዚያ ነው።»

ክሩን ከእኛ እስከ ጎዴ ዘርግቼ ለካሁ።

«ሁለት ሰዓት ገደማ፣ ጓድ።»

«ሁለት ሰዓት ብቻ?»

ክሩ ያለፈበትን እስከ ጎዴ በጣቱ ተከተለው። ከዚያ ካርታውን አጣጥፎ ኮቱ ውስጥ ከተተና፣ «ሁለተኛ ምንም ነገር እንዳትለካ» ብሎኝ ወጣ።