ዓይንን ሳይሰብሩ መቆም

በቀደም ከፓርክላንድስ ሰፈር ስመለስ ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ጉልበቱን በካምፎር ዘይት አሽቶ ኖሮ፣ ሽታው አፍንጫዬን ሲመታው እግሬ ሳላዝዘው መወዝወዝ ጀመረ። በልጅነቴ ኢምባካሲ ሰፈር ከአንድ መጋዘን ጀርባ የነበረው የኩንግፉ አዳራሻችን እንዲሁ ነበር የሚሸተው፤ የተመታ ክንድና የዛለ ጉልበት ሁሉ በዚያ ዘይት ይታሽ ነበር።

ኩንግፉ የተላክኩት ጎበዝ ስለሆንኩ ሳይሆን መቀመጥ ስላቃተኝ ነው። በአሥር ዓመቴ የለየልኝ ቁንጥንጥ ነበርኩ፤ አንድ ምሳ ሳልጨርስ ሦስቴ እነሣለሁ፣ በር ከፍቼ እዘጋለሁ። አየር ማረፊያው ጭነት ክፍል ይሠራ የነበረው አባዬ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በጩኸት ውሎ ሲገባ የሚፈልገው ጸጥታ ነበር። እማዬ የጎረቤታችንን ልጅ ዋንጂሩን ተከትዬ ቅዳሜ ቅዳሜ እንድሄድ ስታደርግ «እዚያ ይድከማትና አርፋ ትቀመጥልን» ብላ ነበር።

ሺፉ እያልን የምንጠራቸው መምህራችን የአገሩን ቋንቋ ስዋሂሊን እየሰባበሩ የሚናገሩ ቀጭን ቻይናዊ አዛውንት ነበሩ። ወዲያው ቡጢ የሚያስተምሩን መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን የሚያዝያ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ፈረስ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ጉልበታችንን አጥፈን ዝም ብለን እንድንቆም ያደርጉን ነበር። ጭኔ ይቃጠላል፣ ጣቴ ይቁነጠነጣል፣ በልቤ እሳቸውን እሰድባለሁ። ለሦስት ወር ቆምን።

ሐምሌ ገብቶ ብርዱ ሲበረታ ሰላምታውን ጀመርን፤ ቡጢን በመዳፍ ሸፍኖ ዝቅ ማለት ነው። ቀላል ሊሆንልኝ ሲገባ አበሳዬ ሆነ። ቤታችን ትልቅ ሰው ፊት ዓይን ሰበር ይደረጋል፤ አባዬን ትኩር ብዬ ባየሁት ቁጥር «ምን ታፈጥጪብኛለሽ?» ይለኝ ነበር። ሺፉ ዘንድ ግን ሰላም ሲል ዓይኑን መሬት ላይ የጣለ በተጋጣሚው ይመታል። ባቀረቀርኩ ቁጥር አገጬን በቀርከሃ በትራቸው ቀና እያደረጉ «ማቾ! ማቾ!» ይሉኝ ነበር፣ ዓይን፣ ዓይን ማለታቸው ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ አፍጣጭ፣ ቅዳሜ አቀርቃሪ፤ ሁለቱም ጋ ጥፋተኛ ነበርኩ።

የጃካራንዳው ሐምራዊ አበባ መንገዱን ሲሸፍነው ፈተናችን ደረሰ፤ ሁለት ሁለት ሆኖ መጋጠም ነው፣ የእኔም ተጋጣሚ ዋንጂሩ ነበረች። ያሸነፈ በዓመቱ መጨረሻ ትርኢት ላይ ረጅሙን ዱላ ይይዛል፤ ለዚያ ዱላ ስል እንቅልፍ አጥቼ ነበር፣ በመጥረጊያ እንጨት ስለማመድም የሳሎኑን አምፖል ሰብሬያለሁ። አባዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያየኝ መጣና ከሺፉ አጠገብ፣ ልክ ከዋንጂሩ ትከሻ ኋላ ተቀመጠ። ሰላምታዬን ሰጥቼ ቀና ስል ያየሁት የዋንጂሩን ፊት ሳይሆን የአባዬን ነበር። ዓይኔ በራሱ ጊዜ መሬት ወረደ፣ ቡጢዋም አፍንጫዬ ላይ አረፈ። ዱላውን እሷ ወሰደች። በሺፉም፣ በአባዬም፣ ከሁሉ በላይ በራሴ በገንኩ።

ስንመለስ ማታቱ ውስጥ አባዬ መሐረቡን አፍንጫዬ ላይ እንደያዘ «ለምን አቀረቀርሽ?» አለኝ።

«አንተን ስላየሁ ነዋ!»

ቤት እንደገባን ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ ገፋና ፊት ለፊቴ ቆሞ «በይ እየኝ» አለኝ። አየሁት። እግሬ እየተወዛወዘ፣ አንገቴ አቀርቅሪ አቀርቅሪ እያለኝ አየሁት፤ እንደኔው እየተቁነጠነጠ ቀድሞ ዓይኑን የሰበረው ግን እሱ ነበር። ለካ እሱም ማንንም እንዲህ አይቶ አያውቅም። እማዬ ከኩሽና ብቅ ብላ «አሁንስ ሁለት ቁንጥንጥ ሆናችሁብኝ!» ብላ ሳቀችብን። ከዚያ ወዲህ ከእራት በፊት እየተፋጠጥን እንለማመድ ነበር፣ በቀጣዩ ዓመት ጃካራንዳው ሲያብብም ዱላውን እኔ ያዝኩ።

ዛሬም አርፌ መቀመጥ አልሆነልኝም፤ ስብሰባ ላይ ወንበሬ ሲንቋቋ ይውላል። ባለፈው እሑድ፣ አሁን ጡረታ የወጣው አባዬ ቤቴ መጥቶ፣ እሱና እማዬ አዲስ አበባ ጠቅልለው ሊገቡ መወሰናቸውን ሲነግረኝ ዓይኑን ከሻይ ብርጭቆው ላይ አላነሣም። ያኔ እየኝ ይለኝ የነበረው እሱ ነው።

«አባዬ፣ እየኝ» አልኩት።

ቀና አለ፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶታል። ከጠረጴዛው ሥር እግሬ ይወዛወዝ ነበር፣ የእሱም እንደዚያው፤ ማናችንም ግን ዓይናችንን አልሰበርንም።