በጀርባ መተኛት

አክስቴ ስታንኮራፋ ግቢው ሁሉ ይሰማል። ማንኮራፋቱስ ባልከፋ። በእኛ አቆጣጠር በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ከወሎ የመጣን አራት ሴቶች ካርቱም ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተን ስንኖር፣ ሁላችንም ሥራ ሰባብሮን ስለምንተኛ ማን ማንን ይሰማል። የሚያስፈራው ዝም ስትል ነበር። እንደ ወፍጮ ስትፈጭ ትቆይና ድንገት ቀጥ ትላለች፤ ደረቷ ይታገላል፣ ትንፋሽ ግን የለም። ከዚያ አጓርታ ትነሣለች። ቁጭ ብላ የተኛችበትን የአንገረብ አልጋ ጠፍር በጥፍሯ ትቧጥጣለች፣ "ገመዱን ሳቡት" እያለች ትጮኻለች፤ ዐይኗ ተገልጦ እኔን አታየኝም። ጠዋት ስንነግራት አታምንም። ራሴን አመመኝ ብላ ሻሽ ታስርና ወደ ሥራዋ ትሄዳለች።

ሥራዋ አል-ጣኢፍ በሚባል የካርቱም ሰፈር፣ ከአንድ ሀብታም ቤት ማብሰልና ልብስ መተኮስ ነበር። ቀን ቀን እንቅልፍ ይጥላታል። ሽንኩርት እየላጠች ታንጎላጃለች፤ ሓፍላ ተሳፍራ መውረጃዋን ታልፋለች። አንድ ቀን ቆማ እየተኮሰች አንቀላፋችና የአባወራውን ነጭ ጀላቢያ አሳረረችው። ማዳሟ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ግን ቤቴን ታቃጥልብኛለች ብላ ፈራችና አሰናበተቻት።

አክስቴ ሥራ ፈትታ እቤት መዋል ስትጀምር አብረውን የሚኖሩት ሁለቱ ሴቶች ፊታቸው ጠቆረ። መጀመሪያ ዱካክ ነው የተጫናት ይሉ ነበር። ኋላ ጂን አለባት፣ ወደ እኛ ሳይሻገር ትውጣልን ማለት ጀመሩ። የት ትወጣለች? የሀገሯ ልጅ ያልተቀበላትን ማን ሊቀበላት። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ እኔም ፈቂ ዘንድ ወሰድኳት። ፈቂው ቁርኣን በሰሌዳ ጽፎ፣ አጥቦ፣ ውሃውን አጠጣትና በእንቅልፏ ምን እንደምታይ ጠየቃት።  እኛ ዘንድ ክፉ ሕልም ለሰው አይነገርም፤ ያየ ሰው በግራው እፍ እፍ ብሎ፣ ጎኑን ቀይሮ ይተኛል፣ አለቀ። አክስቴ ጎኗን ትቀይራለች፣ እንቅልፍ ሲወስዳት ግን ተመልሳ በጀርባዋ ትዘረጋለች። አፏንማ አትከፍትም፤ ሆድ ይፍጀው ባይ ናት።

እኔ ግን ሕልሟን ዐውቀዋለሁ። አክስቴና እናቴ አንድ ወንድም ነበራቸው። ልጅ ሳለ የማሽላው ጉድጓድ ተከፍቶ በቅጡ ሳይናፈስ ገባበት። ታፍኖ የከረመ የእህል ጉድጓድ ሰው ይገድላል። ከላይ ሆና ገመዱን የያዘችው አክስቴ ነበረች፤ እሷም ልጅ ናት። ገመዱ ሲከብዳት ጮኸች፣ ሰው እስኪደርስ ግን እሱ አልቆ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስሙን እቤታችን ማንም አያነሣም።

እኔ የምሠራው ሱቅ ዐረቢ ገበያ ውስጥ፣ ተርዚ ቤት፣ ልብስ እየቀመቀምኩና ቁልፍ እየተከልኩ ነበር። ሱሪ ሊያሳጥር ለመጣ አንድ ሐኪም ስለ አክስቴ ብነግረው፣ ካርቱም ሁለት ሰፈር ካለው ክሊኒኬ አምጫት አለኝ። ጉሮሮዋን አየ፣ ልቧን አዳመጠ፣ ቀጥሎ ሜትር አውጥቶ አንገቷን ለካ። ሸሚዝ ሊሰፋላት ነው ብዬ ሳቄን ዋጥኩት። ምን እንደምታይ ሲጠይቃት እኔ ነገርኩት። አክስቴ በጠረጴዛው ሥር ጭኔን ቆነጠጠችኝ።

በጀርባዋ ስትተኛ ጉሮሮዋ ይደፈናል አለ ሐኪሙ። ትንፋሽ ሲያጥራት ልቧ ይጨነቃል፤ የተኛ ሰው አእምሮ ደግሞ ለመታፈኑ ምክንያት ይፈልግለታል። አንዱ ባሕር ይሰጥማል፣ አንዱ ይታነቃል፣ እሷ ጉድጓድ ትወርዳለች። መቧጠጧም መጮኋም ለትንፋሽ ስትታገል ነው። ልቧ ደክሟል፤ እንዲህ ከቀጠለ አንድ ቀን ተኝታ ላትነሣ ትችላለች። በአፍንጫ አየር የሚነፋ ማሽን አለ አለን፤ የሚሠራው በከህረባ፣ በመብራት ነው። የእኛ ሰፈር ከህረባ ከሚመጣበት የሚጠፋበት ስለሚበዛ ዋጋውን እንኳ አልጠየቅኩም። እንግዲያው ክብደት ትቀንስ፣ በጀርባዋም ጨርሶ አትተኛ፣ ጀርባዋ ላይ የሚቆረቁር ነገር ስፊላት አለኝ። ከዚያ እሷን እያየ፣ "ያ ኻላ፣ የሚያፍንሽ ወንድምሽ አይደለም፤ ጉሮሮሽ ነው" አላት። በአማርኛ ደገምኩላት። ዐረብኛው ግን ገብቷት ነበር።

ከተርዚው ቤት ያመጣሁትን ቅዳጅ ጨርቅ የብርቱካን ያህል አጥብቄ ጠቀለልኩና በሌሊት ልብሷ ጀርባ፣ በትከሻዎቿ መሀል ኪስ አበጅቼ ሰፋሁበት። ልትንጋለል ስትል ይቆረቁራታል፣ ሳትነቃ ወደ ጎኗ ትመለሳለች። "ግመል አደረግሽኝ" አለችኝ፤ ሴቶቹም ሳቁ። ሌሊቱ ጸጥ አለ። ጠዋት ሻሽ ሳታስር መነሣት ጀመረች፣ ፊቷ ተፈታ፣ የተመላላሽ ሥራም አገኘች። ትውጣልን ያሉት እነዚያው ሴቶች ፈቂው ነው ያዳናት እያሉ ለጎረቤት አወሩ። እኔ የመርፌዬን ሥራ ስለማውቅ ዝም ብዬ ኮራሁ።

ኋላ ቀስ በቀስ ጨዋታዋ ጠፋ። መብላት ስትቀንስ ለክብደቷ ነው ብዬ ደስ አለኝ። አንድ ዐርብ ልብስ እያጠብን ሳለ፣ ምንም ሳልጠይቃት፣ "ቀረ" አለችኝ።

"ማን?"

"ወንድሜ።" ሳሙናውን አስቀመጠች። "ከሞተ ወዲህ የማየው እዚያ ብቻ ነበር። እኔ አርጅቼ እሱ ያው ልጅ ነው፤ ቅንድቡ ላይ የማሽላው አቧራ አለ። እጁን ይዘረጋልኛል፤ ልይዘው ስል እነቃለሁ።"

ጉሮሮሽ ነው ተብለሻል እኮ አልኳት፤ ተቆጥቼም ነበር። "ዐውቃለሁ፣ ጉሮሮዬ ነው" አለች። "ግን ፊቱን ሌላ የት አገኘዋለሁ፣ ልጄ? ፎቶ እንኳ የለው።"   ኪሱን እንዳትነኪው አደራ አልኳት። "ኢንሻአላህ" አለችኝ። ካርቱም የኖረ ሰው ኢንሻአላህ ሁልጊዜ እሺ ማለት እንዳልሆነ ያውቃል።

ካርቱም ከዙሁር ሶላት በኋላ፣ ሙቀቱ ሲበረታ፣ ሰው ሁሉ ይተኛል። ከዚያ ወሬያችን ብዙም ሳይቆይ፣ እንደዚያው ባለ የዐርብ ቀትር፣ አራታችንም በየአንገረባችን ጋደም ብለን ነበር። ቀድሜ የነቃሁት እኔ ነኝ። አክስቴ በጀርባዋ ተዘርግታለች። ስነካት ቀዝቅዛለች። ጨርቁ ራስጌዋ ተቀምጧል። ኪሱን አልቦጨቀችውም፤ ስፌቱን አንድ በአንድ ፈትታ ነው ያነሣችው። አጠገቡ ክር የጎረሰ መርፌ ትራሷ ላይ ተሰክቶ አገኘሁ። ሳይመሽ መልሳ ልትሰፋው ኖሯል። አንዲት ቀትር ብቻ ነበር የፈለገችው።

ያጠቧት ሴቶች፣ ቀኝ እጇ የሰው እጅ እንደያዘ ተጨብጦ ነበር ብለው እስከ ዛሬ ያወራሉ። ወንድሟ መጥቶ ወሰዳት ይላሉ፤ የሚሰማውም ሰው ይጽናናል። ሕልም እንደ ፈቺው ነው። እኔም ባምነው እወድ ነበር። ስደርስባት ግን እጇ ከአንገረቡ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ነበር፤ መዳፏ ክፍትና ባዶ ነበር። ሴቶቹ ሳይነቁ ጣቶቿን አንድ በአንድ አጥፌ ያስጨበጥኳት እኔ ነኝ።