አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቆመው ጠርሙስ

ስለ ኤልዜር ሲጠይቁኝ ወሬዬን ከእጁ ነው የምጀምረው። ወፍራም እጅ ነበረው፤ ጥፍሩ ሥር የገባው ሬንጅ በሳሙና አይለቅም፤ ጠርሙስ ሲይዝ ግን የአዋላጅ እጅ ይሆናል። አታባስካ ወንዝ አጠገብ ባለው ቤተ ሙከራ ሃያ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ሠርተናል። መሐንዲሶቹ ነዳጅ የሚሆነውን ሬንጅ ከተቆፈረው አሸዋ ለመለየት ሙቀቱንና ሶዳውን ይለዋውጣሉ፤ እኛ አሸዋውን በሙቅ ውሃ እናጥባለን፣ እንመዝናለን፣ እንጽፋለን። ሬንጁስ በአረፋ ተንሳፎ ይወጣል። ጣጣው እጣቢው ነው። ደቃቁ ጭቃ አልዘቅጥም ብሎ፣ ውሃ አይሉት አፈር፣ እንደ እርጎ ሆኖ በየኩሬው ዓመታት ይቆያል።

አንድ ሕግ አለን፦ ጠርሙስ ያነሳ ሰው ሌላ ነገር ከማድረጉ በፊት ሦስት ጊዜ ይገለብጠዋል። አለዚያ ጭቃው ከታች ይቀርና ልኩ ይሳሳታል። ያስተማረን ኤልዜር ነው። «ያልተገለበጠ ጠርሙስ ውሸታም ነው!» እያለ በአዲስ ገቢ ሁሉ ላይ ይጮህ ነበር። እኔ ራሴ ዛሬም ወተት ሳልገለብጥ አልቀዳም፤ ልጆቼ ይስቁብኛል።

ከዚህ ሕግ ነፃ የነበረው አንድ ጠርሙስ ብቻ ነው። ክንድ የሚያህል፣ አፉ የታሸገ፣ ቀይ ፕላስተር የተለጠፈበት፣ መደርደሪያው ላይ በእንጨት ሣጥን ውስጥ የቆመ። ውስጡ ያለው ከአንድ ኩሬ የተቀዳ እጣቢ ነው፤ ዶክተር ሉሲክ የሚባለው አለቃችን ጭቃውን ያዘቅጣል ያለውን መድኃኒት ጨምሮበት፣ ሳይነካ ይጠራ እንደሆነ ለማየት አቁሞት ነበር። ኩሬው የተቆፈረው የኤልዜር እናት ፊሎሜን በልጅነቷ የጫካ ፍሬ ትለቅምበት፣ ውሃ ትቀዳበት በነበረው ቦታ ላይ ነው።

ኤልዜር ሥራውን የያዘ ቀን እናቱ ሻይ እየጠጣች ነበር አሉ። ስኒውን አስቀመጠች።

«አያትህ ሬንጁን የሚፈልገው የጀልባውን ቀዳዳ ለመድፈን ነበር። አንተ አገሩን ልትቀዳድድበት ገባህ?»

«እማ፣ እኔ የገባሁት ውሃውን ለማጥራት ነው።»

«እንግዲያው አጥርተህ አሳየኝ። እስከዚያ ከእጅህ ሻይ አልጠጣም።»

የፊሎሜን ቃል ቃል ነው። እሑድ እሑድ ይሄዳል፣ እንጨት ይፈልጥላታል፣ ያጫውታታል፤ ሻዩን የምታፈላው ግን እህቱ ናት። እኔ ብሆን መሄዴን እተው ነበር። እሱ አንድም እሑድ አልቀረም።

አርብ አርብ ጠርሙሱ ፊት ተንበርክኮ የጠራውን ውሃ በማስመሪያ ይለካል። ሳይነካው።

«ኤልዜር፣ ሙሽራዋ እንዴት አደረች?» እንለዋለን።

«ከእናንተ ትሻላለች፤ ዝም ማለት ታውቃለች።»

በአሥራ ዘጠነኛው ዓመት የጠራው ውሃ አራት ጣት ሞላ። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ፊሎሜን ታመመች፤ ሐኪሙ ከወር አታልፍም አለ። ዶክተር ሉሲክ፣ «ይዘህላት ሂድ፤ ልኩ ተመዝግቧል» አለው። ደግ ሰው ነው።

ሣጥኑን እኔና እሱ ተሸክመን መኪናዬ ውስጥ አስገባን። ኤልዜር በጉልበቶቹ መሐል አቁሞ ይዞት፣ እኔ እንደ ሬሳ ሸኚ በዝግታ ነዳሁ። ከኋላችን ያሉት ከባድ መኪኖች ጥሩምባቸውን አቀለጡት። «ኦዴት፣ አትስሚያቸው፤ ቀስ በይ፣» ይለኛል። መንደሩ ስንደርስ ሣጥኑን ገልጦ አየ። አራቱ ጣት እንዳለ ነው። ሲስቅ ጥርሱን ያየሁት ያን ቀን ነው።

ፊሎሜን አልጋዋ ላይ ተደግፋ ጠበቀችን።

«ዓይኔ ደክሟል፤ ወደ መስኮቱ አምጣው፣ በብርሃን ልየው፣» አለች።

ኤልዜር ጠርሙሱን ከሣጥኑ አነሳ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ በእጁ ሲያነሳው የመጀመሪያው ነው። ዓይኑ እናቱ ላይ ነበር። እጁ ግን የለመደውን አደረገ። ገለበጠው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

ጮህኩ። ምን ይጠቅማል? ሁሉም ግራጫ ሆነ። ኤልዜር ጠርሙሱን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። እኔ አለቀስኩ፤ አላፍርም።

ፊሎሜን ትክ ብላ አየችው፤ ጠርሙሱን ሳይሆን ልጇን።

«ጠርቶ ነበር፣ እማማ! እኔ አይቼዋለሁ፣ አራት ጣት ነበር!» አልኳት።

«ዝም በይ፣ ልጄ፣» አለችኝ። ከዚያ ወደ እሱ፣ «መስኮቱ ላይ አስቀምጠው። እንጠብቃለን።» ዘጠና ሁለት ዓመቷ ነው። ቀጥላም፣ «በል ሻይ አፍላልኝ» አለችው።

አፈላ። ሲያቀብላት ግማሹን ብርድ ልብሱ ላይ ደፋው። የቀረውን ጠጣችለት፤ እስከ አተላው።

በአሥራ አንደኛው ቀን ሞተች። ከቀብሩ ስንመለስ፣ «ይኸው ይቅር ብላህ ሄደች፤ ከእጅህ ጠጣች እኮ፣» አልኩት ላጽናናው።

ኤልዜር እጆቹን ገልብጦ አያቸው።

«አዘነችልኝ እንጂ አላመነችኝም፣» አለ።