ከሰባ ሺህ የተረፉት ሰባት

ከሰንበቴ ወደ ከሚሴ በሚወስደኝ ሚኒባስ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ የሙስበሃ መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። የፍሬዎቹ ቀጭን ድምፅ ወደ አባቴ ለቅሶ ይመልሰኛል።

ሴቶቹ የአላህን ስም እየጠሩ ለአባቴ ሰባ ሺህ ዚክር ለማድረስ ተከፋፍለው ነበር። የሙስበሃው ዙር ሰባት መቶ ሲደርስ የአባቴ እህት፣ አዳዳ ዘሀራ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ሞላ» አሉና ሁሉም እጁን ለዱዓ አነሳ። የአባቴ ዚክር ጎዶሎ ሆኖ ሊቀር ነው ብዬ ፈራሁ። ጆሯቸው ሥር ገባሁ።

«አዳዳ፣ ሙስበሃው ዘጠና ዘጠኝ ፍሬ ነው እንጂ መቶ አይደለም። ሰባት መቶ ይጎድላል።»

«ያ ረቢ! ይቺ ልጅ አፍ የላትም ያለው ማነው?» የተነሱት እጆች ወረዱ። «ስንት ዙር እንጨምር ታዲያ?»

«ሰባት ዙር። ያኔም ገና ያልተባለ ሰባት ፍሬ ይተርፋል።»

ዙሩ ሲያልቅ ሙስበሃውን መዳፌ ላይ አኖሩት። «የተረፈው ያንቺ ነው። ይህን ሌላ ሰው አይበልልሽ።»

ሰባ ሺህ ከሁለት፣ ከአምስትና ከሰባት ብቻ የተባዛ ቁጥር መሆኑን፣ ከሦስትና ከአሥራ አንድ የተባዛው ዘጠና ዘጠኝም መቼም አካፍሎ እንደማይጨርሰው ያስተዋልኩት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው።

ሽማግሌው ዙራቸውን ጨርሰው እንደገና ይጀምራሉ። እኔም በባዶ ጣቶቼ ለአባቴ ሰባቱን ዚክር እላለሁ።