ወንድሜ ማይክ የመረጠ ዕለት

ወንድሜ ዓብዱልፈታሕ ሮቤ ገበያ ስንዴ ይገዛል። ሻጩ ዘመዱም ቢሆን፣ ክንዱን እስከ ብብቱ ከጆንያው ውስጥ ሳይከት ዋጋ አይናገርም። «የላዩ ስንዴ ለዓይን ነው» ይላል። ሰውንም የሚቀርበው እንዲሁ ነው። ሰላም ስትሉት ከመመለሱ በፊት ለምን ሰላም እንዳላችሁት ያስባል። ያናድደኛል፤ ግን አልፈርድበትም። በስድስት ዓመቱ አባታችንን ሲወስዱት አይቷል። ደርግ ነበር። «ለአንድ ጥያቄ ነው፣ አሁን ይመለሳል» ብለው ነበር የወሰዱት። እኔ ያኔ ገና እናቴ ሆድ ውስጥ ነበርኩ። እናታችን ሞሚና መቃብሩ ላይ ዱዓ ሳታደርግ ሞተች፤ የት እንደተቀበረ አናውቅማ።

የሚያውቅ አንድ ሰው ቀርቶ ነበር፤ አብረውት የታሰሩት፣ ጎባ የሚኖሩት ኦቦ ቱፋ። በ2009 ዓ.ም. ልጆቹ ፖድካስት የሚሉትን እንጀምር ያልኩት እኔ ነኝ። የሽማግሌዎችን ወግ ቀድተን፣ ኢንተርኔቱም ስለተዘጋ፣ በሚሞሪ ካርድ ከስልክ ወደ ስልክ ልናዳርስ። ከሁሉ በፊት ኦቦ ቱፋን። እሳቸውም «ኑ፣ ሳልሞት ልንገራችሁ» ብለው ልከውብናል።

መቅረጫና ማይክ ልንገዛ ሳላሀዲን ሱቅ ከጠዋት እስከ ዙህር ቆምን። ወንድሜ የካርቶኑን ማሸጊያ በጥፍሩ ይቧጭርና «ፎርጂድ ነው» ይላል። መቅረጫውን ጆሮው ሥር አድርጎ ነቀነቀው። የጆሮ ማዳመጫውን አጥልቆ፣ እኔን በር ላይ አቁሞ ማይኩ ላይ ፋቲሓ አስቀራኝ። አላፊ አግዳሚው ያበድኩ መሰለው። ሳላሀዲን ትዕግሥቱ ሲያልቅ ኮሌታ ላይ የምትሰካ ትንሽዬ ማይክ አወጣ።

«ለጀማሪ ይቺ ትበቃለች። ሰውየው ራሱ እንዳለች ይረሳታል።»

«ይረሳታል? እንግዲያው የጆሮ ጠቢ ናት» አለ ወንድሜ።

የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ላይ ነን። በአንድ ለአምስቱ ጎረቤት ጎረቤቱን ይጠብቃል። ሰላይ ከመባል ሞቱን የሚመርጠው ወንድሜ፣ እግር ያላትን፣ ስትከፈት ቀይ መብራት የምታበራውን ትልቋን ማይክ አነሣ። «የማይደበቅ ነገር አይጠረጠርም» አለ። እኔም ሞኟ አመንኩት። ሚኒባስ ስንሳፈር ግን ካርቶኑን በጆንያ ጠቅልሎ እግሩ ሥር ሸጎጠው።

ኦቦ ቱፋ በደስታ ተቀበሉን። «ነገያ፣ ኢልማ ኮ? ሰላም ነህ ልጄ? ቁርጥ አባትህን» አሉት። ወንድሜ ማይኩን ጠረጴዛው ላይ አቁሞ ከፈተው። ሽማግሌው ቀዩን መብራት አዩ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«መንግሥታችን ልማት አምጥቶልናል። ማዳበሪያም በጊዜው ደርሷል። ሰላም ነው።»

«ኦቦ፣ አባታችንን ሊነግሩን ነበር እኮ» አልኩ።

«የማን አባት? እኔ የማውቀው ሰው የለም።»

ማይኩን አጠፋነው። እሳቸው ግን ከማዳበሪያው አልወጡም። እያለቀስኩ ተመለስኩ። ወንድሜ መንገድ ላይ «አባታችንን እሱ ራሱ ጠቁሞት ይሆን?» ሲለኝ ልመታው ምንም አልቀረኝም።

በሳምንቱ ብቻውን፣ ስልኩን እንኳ ሳይይዝ ሄደ። ኦቦ ቱፋ ኪሱን አስገለበጡት፤ ኮቱን አስወልቀው ገበሩን ዳበሱ። ከዚያ ምርኩዛቸውን ይዘው ከከተማው ወጡና ቦታውን አሳዩት። ዱዓ አደረገ። ይህን ሲነግረኝ ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

«የት ነው?» አልኩት።

እጄ ላይ ያለውን ስልክ አየ። አጠፋሁት። ባትሪውንም ነቅዬ ፊቱ አስቀመጥኩለት።

«ለማንም እንዳልናገር አስምለውኛል።»

«እኔ ማንም ነኝ? አባቴ እኮ ነው!»

«ዛሬ ለዱዓ ነው ትያለሽ። ነገ ደግሞ ለፖድካስትሽ።» ተነሥቶ ወጣ።

ኦቦ ቱፋ ረመዳን ሳይገባ አረፉ። አባቴ ያረፈበትን ቦታ የሚያውቅ ሰው አሁን በምድር ላይ አንድ ነው፤ ወንድሜ። ወላሂ እወደዋለሁ። እሱ ግን አላመነኝም፤ እኔም ይቅር አላልኩትም።