እምቢታን በእግራቸው ያመጡልን አጎቴ

አጎቴ ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ለብዙ ዘመን የክልሉ ምክር ቤት አባል ነበሩ። የምክር ቤቱን ሥራ እኔ አላውቀውም፤ የማውቀው ከስብሰባ ሲመለሱ የሚያደርጉትን ነው። የቀበሌያችን ሰው የጠየቃቸው ነገር ካልተሳካ፣ ከአምበር ከተማ በእግራቸው መጥተው ራሳቸው ይነግሩን ነበር።

የኔ ጥያቄ አንድ ነበር፤ ልጆቼ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ በሚሻገሩት ወንዝ ላይ ድልድይ እንዲሠራ። በየክረምቱ ደጄ ላይ ቆመው፣ ወንዝ በመፍራቴ እየቀለዱ፣ «አንች ፈሪ፣ ዘንድሮም አልሆነም። ወንዙ እስኪጎድል ልጆቹን በላይኛው መንገድ ስደጃቸው» ይሉኝ ነበር።

አንድ ጊዜ ባለቤቴ እየሣቀ፣ «ጋሼ፣ ስልክ እያለዎ እምቢ ለማለት ይኼን ሁሉ ዳገት ይወጣሉ?» አላቸው።

«እሽታ በስልክ ይነገራል፤ እምቢታ ግን ፊት ለፊት ነው» አሉት።

ዘንድሮ ስብሰባው ማለቁን በሬዲዮ ሰማሁና ሳላስበው ዳገቱን ሳይ ዋልሁ። የመጣ ሰው የለም። ድልድዩ ተፈቅዶ እንደሆነም አላወቅሁ። አሁን ትምህርት ተከፍቷል፤ ወንዙ ገና አልጎደለም። የላይኛው መንገድ ሩቅ ነው ብለው ልጆቹ ያጉረመርማሉ። እኔ ግን በዚያው እሰዳቸዋለሁ፤ አጎቴ ካሉኝ የተለየ ነገር የነገረኝ ሰው የለም።