ማንም እንዳይነካት

ዛሬ ከጀሞ ታክሲ የያዝኩት ትምህርት ቤት በሚለቀቅበት ሰዓት ነበር። ሦስት ሰው በሚይዘው ወንበር ላይ አራተኛ ሆኜ ተሸጎጥኩ። በግራዬ ፌስታል ሙሉ ሽንኩርት ያቀፉ እናት፣ በቀኜ ከራሷ የሚበልጥ ቦርሳ የታቀፈች ተማሪ። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ እንጂ፣ ሳሎን ያላችሁ መሰላችሁ?» ይላል። እናትየው ታክሲው ጉድጓድ በገባ ቁጥር እላዬ ላይ እየወደቁ «አፉ በይኝ ልጄ» ሲሉኝ እኔ እንደ ሞኝ ፈገግ እላለሁ። ተማሪዋ «ይቺ ደግሞ ምን ሆና ነው?» በሚል ዓይን አየችኝ። ምን ብዬ ላስረዳት? አሥራ ሦስት ዓመቴ ላይ ማንም እንዳይነካኝ ታውጆ ያውቃል። ከዚያ ወዲህ መጨናነቅ አያስመርረኝም።

ነገሩ የሞተር ነው። ከለቡ መብራት ኃይል ወጣ ብሎ ድንጋዩ ተፈልጦ ያለቀበት አንድ አሮጌ ካባ አለ። ጠራቢዎቹ ሲለቁት ገደሉ፣ ጉብታውና ክረምት ክረምት ውሃ የሚያቁረው ዋልካ ብቻ ቀረ። ጋሽ ተፈሪ በወጣትነታቸው የሞተር ተወዳዳሪ ነበሩ። ሌላው ሰው ቆሻሻ የሚጥልበትን ቦታ አይተው «ይሄማ ሜዳ ነው» አሉና ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ልጆችን ማሠልጠን ጀመሩ። ትንንሾቹ ሞተሮች አስፋልት ላይ አይነዱም፣ በመኪና ተጭነው ነው የሚመጡት። የሚጭናቸው ደግሞ የአባዬ አይሱዙ ነበር። ከሰኞ እስከ ዓርብ አሸዋ፣ ቅዳሜ ሞተር፣ እሁድ ደግሞ አባዬ ራሱ ከረባት አስሮ መዘምራን መሀል ይቆማል።

እውነቱን ለመናገር እኔ መጀመሪያ የሄድኩት ለእርጥቡ ነው። ከሜዳው አፍ ላይ ጥብስ ድንችና ቃሪያ በዳቦ ጠቅጥቃ የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ አዋዜዋ አፍንጫ ያስለቅሳል። አንድ ቅዳሜ ግን፣ ጥቅምት ላይ፣ ንፋሱ የገረጋንቲውን አቧራ ከአጎራባቹ ማሳ ጭድ ጋር እየቀላቀለ በሚያበንንበት ቀን፣ አንድ ሞተር ከጉብታው ተነስቶ አየር ላይ ቆም ሲል አየሁ። እምላለሁ፣ ቆም አለ። እርጥቤ እጄ ላይ ቀዘቀዘ።

አባዬን ለመንኩት። አልቅሼ ለመንኩት። እማዬ «ሳህን አጥባ ሳትሰብር የማትውል ልጅ!» ብላ ሳቀች። አባዬ ግን አልሳቀም። ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ የሚውል ሹፌር ነው፤ ሞተር ተጋጭቶ የወደቀ ሰው ያየ ቀን ራቱን ሳይበላ እንደሚያድር አውቃለሁ። ሳምንታት ቆይቶ እሺ ያለኝም በአንድ ቃል ብቻ ነበር። ቃሉን የነገረው ለእኔ ሳይሆን ለጋሽ ተፈሪ ነው።

«ማንም እንዳይነካት» አላቸው። «ጎማም ቢሆን፣ ክርንም ቢሆን። የተነካች ቀን ልጄን እወስዳለሁ። ሞተሮቹንም ሌላ ሰው ይጫንልዎት።»

ጋሽ ተፈሪ ልጆቹን አሰለፏቸው። «ሰምታችኋል አይደል? እህታችሁ ናት።»

የዚህን ክብደት ለማወቅ የዚያን ጊዜ ሜዳ ማየት ያስፈልጋል። ሕግ የሚባል ነገር አልነበረም። ኩርባ ላይ በክርን መደቆስ፣ የፊት ጎማን ሰው እግር ሥር መክተት፣ ሲያልፉ በጫማ ገፋ ማድረግ፣ ሁሉም ያለ ነገር ነው። ተወዳድረው ሲጨርሱ አንዱ ሌላውን «ምን አባክ ሆነህ ነው?» ይለዋል፣ ትንሽ ይገፋፋሉ፣ ከዚያ አንድ እርጥብ ለሁለት ይበላሉ። እኔ ከዚህ ሁሉ ውጪ ነበርኩ፣ መሀላቸው ሆኜ።

ስገባ ይከፈትልኛል። ለነፍሰ ጡር ወንበር እንደሚለቀቀው፣ መንገዱን ይለቁልኛል። በግራዬ ባዶ፣ በቀኜ ባዶ፤ ከኋላ የሚመጣው ልጅ ሲደርስብኝ ፍሬን ይይዛል። ዙሪያዬን ሞተር እየጮኸ እኔ መስታወት ውስጥ የተቀመጥኩ ያህል ነበር። ፈጥኜ እንደሆነ አላውቅ፣ ዘግይቼ እንደሆነ አላውቅ። ከመስታወቱ ለመውጣት ወደ አንዱ ስጠጋ እሱ ደንግጦ ይሸሻል፣ መስታወቱም አብሮኝ ይሄዳል። ስም አወጡልኝ፤ «እንቁላል»። ሞተሬን ባስነሳሁ ቁጥር የሁሉም አውራ የሆነው ናቲ «እንቁላል መጣች! ልጆች፣ እንዳትሰብሯት፣ በእግራችን ነው የምንመለሰው!» ይላል። ሁሉም ይስቃል። እኔም ሄልሜቴ ውስጥ የሳቅኩ እመስላለሁ። ሄልሜት ደግነቱ ፊት አያሳይም።

ለጋሽ ተፈሪ ነገርኳቸው። «ልጄ፣ እኔ ቃል ሰጥቻለሁ፤ አባትሽን አናግሪ» አሉኝ። አባዬን አናገርኩት። ከመሪው ላይ እጁን ሳያነሳ «ካልተመቸሽ እኮ ቤት መቀመጥ ይቻላል» አለኝ። ከዚያ እስከ ሰፈራችን ድረስ ጋቢናው ውስጥ የሰማሁት የሞተሮቹን መንቋቋት ብቻ ነው፤ ከኋላ ታስረው በየጉድጓዱ ይንቋቋሉ። ዝም ካልኩ እንቁላል ነኝ፤ ከተናገርኩ ሞተር የለም። ልጅ ሆኖ በሁለት ትልልቅ ሰዎች እሺ መሀል መታሰር እንዴት እንደሚያፍን የታሰረበት ያውቀዋል።

ገና ሊደርስ ሲል ጋሽ ተፈሪ ወላጆችን ጠርተው ውድድር አዘጋጁ። አባዬ የእሁድ ከረባቱን አስሮ መጣ። የናቲ እናት ወይዘሮ አበበችም ጀሞ ያለውን የልብስ ሱቃቸውን ዘግተው፣ ጃንጥላ ዘርግተው ከፊት ቆሙ። ሽልማቱ አዲስ ካላማዳሪ ነበር፣ የጎማ ውስጠኛው። አትሳቁ፣ ለእኛ ወርቅ ነው።

ጥሩ ተነሳሁ። ካባው መሀል «ጉሮሮ» የምንለው ቦታ አለ፤ በሁለት የድንጋይ ግድግዳ መካከል ያለ ጠባብ መተላለፊያ። እሱ ጋ ፊተኛ ሆኜ ደረስኩ። የናቲ ሞተር ከኋላዬ ሲጮህ ይሰማኛል። ናቲ ከእኔ ይፈጥናል፣ ይህን አገር ያውቀዋል። ግን ሳይነካኝ ማለፊያ የለውም። ግድግዳው ውስጥ እሱ በእኔ ታስሯል፣ እኔ ደግሞ በእሱ ጥንቃቄ። ሁለተኛውም ዙር እንደዚያው። ሦስተኛው ላይ ናቲ አላስቻለውም፤ በግድግዳውና በእኔ መሀል ባለችው ስንጥቅ ገባ። ትከሻው ትከሻዬ ጋ ሊደርስ አንድ ስንዝር ሲቀረው አየሁት፤ ዓይኑም ታየኝ። ከዚያ መሪውን ከእኔ አሽሽቶ ወደ ድንጋዩ አዞረው።

የብረትና የድንጋይ ድምፅ ሰማሁ። ጋሽ ተፈሪ በእጃቸው እለፊ እለፊ አሉኝ። አለፍኩ። አንደኛ ወጣሁ።

ወላጆች አጨበጨቡ። ናቲ ሞተሩን እየገፋ መጣ፤ የጃኬቱ እጅጌ ተተርትሮ ክርኑ ይደማል። አጠገቤ ሲደርስ ቆመ።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አለኝ። «አባትሽ አሸነፉ።»

ብዙ ነገር ተብያለሁ፤ እንደዚህ ውስጤን የወጋኝ ነገር ግን የለም። ጋሽ ተፈሪ ካላማዳሪውን ሲዘረጉልኝ ሁለት እጄን ወደ ኋላዬ ደበቅኩ።

በዚህ መሀል ወይዘሮ አበበች የልጃቸውን ክርን አዩ፤ ናቲም የአባዬን ትእዛዝ ነገራቸው። ጃንጥላቸውን አጠፉና አባዬ ፊት ቆሙ።

«ለእርስዎ ልጅ የተከለከለው ነገር ለእኔ ልጅ ለምን ይፈቀዳል? የእኔው ከድንጋይ ነው የተሠራው?»

ከዚያ ሁሉም ወላጅ ባንዴ መናገር ጀመረ። ጋሽ ተፈሪ ሲጠየቁ የሜዳውን ነገር ዘረዘሩ፤ ለካ ማንም አያውቅም ነበር። «ክርን?» «በጫማ?» «ኧረ በስመ አብ!» መጨረሻቸው ላይ ሁሉም የተስማማበት አንድ ሐሳብ ወጣ፤ ከዛሬ ጀምሮ ማንም ማንንም እንዳይነካ። ልጆቹ ጮኹ። ናቲ «እንግዲያው ተራ በተራ እንንዳ፣ የታክሲ ሰልፍ እንሁን!» አለ። እኔ ደግሞ ያቺ መስታወት ስትሰፋ፣ ስትሰፋ፣ ሜዳውን ሁሉ ስትውጠው ታየችኝ። ሁላችንም እንቁላል ልንሆን ነው።

ድምፄ ከየት እንደወጣ አላውቅም።

«መነካካት ይኑር!» አልኩ።

አባዬ «ፌቨን!» አለ፤ ሙሉ ስሜን የሚጠራው ሲቆጣ ነው።

«አባዬ አንዴ ስማኝ። ትከሻ ለትከሻ መግፋት ማንንም አይጥልም፣ ሁለቱም ይወዛወዙና ይሄዳሉ። ጎን ለጎን ጎማ ቢተሻሽም እንደዚያው። የሚጥለው እጅ ነው፤ ክርን፣ የእግር እርግጫ። የፊት ጎማን ሰው እግር ሥር መክተትም ይጥላል። ከጉብታ የተነሳን ሰው ማረፊያውን መዝጋት ደግሞ ይሰብራል። እነዚህን ከልክሉ። ሌላው ይኑር። ለእነሱም ለእኔም አንድ ይሁን።»

ጋሽ ተፈሪ ኮፍያቸውን ወደ ኋላ ገፉ። «ይሄን ሁሉ መቼ አየሽው አንቺ?»

«ሥራ ፈትቼ እኮ ነው የምነዳው ጋሼ። የሚነካኝ የለ፣ እነሱ ሲነካኩ አያለሁ።»

አንድ ሁለት ወላጅ ሳቀ። አባዬ አልሳቀም። ከእኔ ይልቅ ናቲን ነበር የሚያየው፤ ያንን የሚደማ ክርን። ቀስ ብሎ ወደ እሱ ሄደ።

«ና እስቲ አንተ። ብትነካት ትወድቃለች?»

ናቲ አየኝ። ጣራው ላይ ልታወጣኝ ወይም ገደል ልትከተኝ የምትችል አንዲት ቃል አፉ ውስጥ ነበረች። ውሸት ቢናገርልኝ እመኝ ነበር። እሱ ግን አልዋሸም።

«እኔ እንጃ ጋሼ» አለ። «ነክቻት አላውቅም።»

ንፋሱ ይነፍሳል። አባዬ ከረባቱን ላላ አደረገ፣ ወደ ገደሉ አየ፣ መሬት አየ። እየጸለየ ነበር መሰለኝ።

«እንግዲያው እወቃ» አለ።

በቀጣዩ ቅዳሜ በአዲሱ ሕግ ወጣን። ጋሽ ተፈሪ ክርን የመዘዘ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ሞተር እንደሚያጥብ አውጀዋል። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ናቲ በውስጥ ገባና በትከሻው ገፋኝ። ጥርሴ ተንቀጫቀጨ፣ መሪው እንደ ዓሣ ተወራጨ፣ ግን ቆምኩ! በሕይወቴ እንዲህ ያለ ደስታ አላውቅም። ሄልሜቴ ውስጥ ጮህኩ። ሁለተኛው ላይ እኔ ገፋሁት። ሦስተኛው ላይ አንዱ ከውጭ፣ ናቲ ከውስጥ መጡና መሀል ገብቼ ወደቅኩ። አፌ ዋልካ ሞላ፤ ብርድ ብርድ፣ ብረት ብረት ይላል። ቀና ስል አባዬን አየሁት። ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ወደ ሜዳው እየሮጠ ነበር። ከዚያ ቆመ። እንዴት እንደቆመ አላውቅም፤ የሚሮጥ አባት ራሱን ሲያቆም ከዚያ ወዲህ አላየሁም። እጁን ከራሱ አውርዶ «ተነሺ!» ብሎ ጮኸ። «ተነሺ ፌቪ፣ እያለፉሽ ነው!»

መጨረሻ ወጣሁ። የማይገባኝ ቦታ አልነበረም።

አሁን አሥራ ሰባት ሆኖኛል። አሁንም ሰው ሲከራከር እሰማለሁ፤ አንዳንዱ ሞተር ላይ መነካካት ጭራሽ ይቅር ይላል፣ አንዳንዱ ደግሞ የፈራ ቤቱ ይቀመጥ ይላል። ሁለቱንም ስሰማ ያው ያፍነኛል። ሕጉ ያስፈልጋል፤ ያለ ሕግ ሰው ይሰበራል። ግን በሕጉ ውስጥ ሰው ከሰው የሚገፋፋበት ቦታ ከሌለ ብቻዬን ሜዳውን ብዞር ይሻለኛል፣ ቤንዚንም ይቆጥባል። አባዬ «መንገድ ላይም እንደዚሁ ነው» ይላል፤ እሱ ሁሉንም ነገር መንገድ ላይ ነው የሚያወርደው።

ያለፈው ወር ከብስራተ ገብርኤል አንድ አዲስ ልጅ መጣ። ጨዋ ነው፣ ሰላምታው ራሱ ከወገቡ ዝቅ ብሎ ነው። ጉሮሮው ጋ ስንደርስ ሴት መሆኔን አየና ፍሬን ይዞ ጥጉን ለቀቀልኝ። የዱሮዋ መስታወት ተመልሳ መጣች። ዙሩ ሲያልቅ ልነግረው ሞተሬን አቆምኩ። አልደረስኩም፤ ልጆቹ ቀድመውኝ ከበውታል።

«ምን አባክ ሆነህ ነው?» ይለዋል ናቲ ሄልሜቱን እያወለቀ። «እሷን ነው የምታሳልፈው? እኛን ባለፈው ሳምንት ምን እንዳደረገችን ታውቃለህ?»

ልጁ ግራ ገብቶት ወደ እኔ ዞረ። «እህቴ፣ እኔ እኮ ለክብር ብዬ…»

«አውቃለሁ ወንድሜ» አልኩት። «ክብሩን አስቀምጥና ና።»

በሚቀጥለው ዙር ኩርባው ላይ በትከሻው ገጨኝ፤ ፈራ ተባ እያለ፣ ግን ገጨኝ። ቀስ ብዬ አሳለፍኩት። ከዚያ በውስጥ ገባሁበት።